ከገመዱ ወዲህና ወዲያ

ሰፈሩ «እትዬ ቆርቆሮ» የሚል ስም ያወጣላቸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የእናታቸውን የቦሎቄ ዘር ክዳኑ ላይ ድመት በተሳለበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ስለሚያስቀምጡ ነው። ሁለተኛው፣ መናገር ሲጀምሩ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ስለሚመስሉ ነው፤ እስኪያባራ ከመጠበቅ በቀር መላ የለውም። የመጀመሪያውን ምክንያት ያውቁታል። ሁለተኛውን የሚነግራቸው ሰው እስካሁን አልተወለደም።

የዚያን ዓመት ቆርቆሮውን ሲከፍቱት ልባቸው ድንግጥ አለ። ሦስት ጣሳ ብቻ። የአምናውን ዘር ፀሐይ ፈጀው፣ የካቻምናውን ነቀዝ ተጋራቸው፣ ቀረ የተባለው ይኸው ነው። ነጭ ሆኖ ቀይ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት፣ ሰው ተቀምጦ በብሩሽ የነካካው የሚመስል ቦሎቄ ነው። በሰፈሩ ሌላ ማንም የለውም። ድሮ ለጎረቤቱ ሁሉ ዘር ብለው ሰጥተው ነበር፣ ጎረቤቶቹ ግን ቀቅለው በልተውታል። ዘር ደግሞ እንደ ሰው ነው፣ ያረጃል፤ አንድ ዓመት ተጨማሪ ቆርቆሮ ውስጥ ከከረመ አይበቅልም። ስለዚህ ዘንድሮ ይዘራል፣ ዘንድሮ ካልያዘ ግን አለቀ፣ የእናታቸው ቦሎቄ ከምድር ላይ ጠፋ ማለት ነው።

ይህንን እያሰቡ ሳለ ነው አማቻቸው አፉን የከፈተው።

አማችየው የአፈር ምርመራ ክፍል ውስጥ ይሠራል። ከየገጠሩ የሚመጣለትን አፈር በብልቃጥ ይበጠብጣል፣ ያጣራል፣ ይመዝናል። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ በትንንሽ ፌስታል የታሰረ አፈር አይጠፋም፤ ሚስቱ ልብሱን ባጠበች ቁጥር ውሃው ጭቃ ይሆንባታል። እትዬ ቆርቆሮ «የአፈር ሐኪሙ» ይሉታል። ደስ ሲላቸው «አንተ» ነው። የተናደዱበት ቀን ግን «እርስዎ» ይሆናል። ያኔ ሐኪሙ ወንበሩን ወደ በሩ ጠጋ ያደርጋል።

«እማማ» አለ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ፣ «ዘንድሮም ዝናቡ በአበባው ሰዓት ይቋረጣል ነው የሚሉት። የጓሯችንን አፈር ወስጄ መርምሬው ነበር።»

«ምኑን አመመው?»

«ፎስፈረስ ያንሰዋል።»

«እኔን ሳያንሰኝ እሱን ምን አነሰው?»

«ግራጫ ማዳበሪያ አለ፣ ከዘሩ ሥር ይገባል። ሥሩን ያበረታዋል። ሥሩ ወደ ታች ከረዘመ ላይ ላዩ ሲደርቅ ከታች ያለውን እርጥበት ይጠጣል። ማዳበሪያ ዝናብ ባያመጣም ያለችውን ውሃ ፈልጎ የሚያገኝ ሥር ይሰጣል።»

«አየህ፣ ያ ዘር ካንተ ፎስፈረስ በፊት ስንት ድርቅ ቁጭ ብሎ አሳልፏል። አመድና ብስባሽ እያበላሁ ነው ያሳደግሁት፤ ልጄንም እንደዚያው። እሷ ላይ ምን ጎደለ?»

ሐኪሙ ሚስቱን አየት አደረጋት። ብልጥ ነው፣ ዳቦውን ጎረሰ።

ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት። ማሽኗን የተከለችው በኋላ መስኮት በኩል፣ ጓሮው ፊት ለፊት ነው። አፏ ውስጥ ስፒል ደርድራ የሰው ቀሚስ ጫፍ እያጠፈች ሁለቱ ሲነታረኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማች። በመጨረሻ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች።

«በቃ! አንድ ቀን ጣቴን ከጨርቁ ጋር የምሰፋው በእናንተ ምክንያት ነው። ማሳው መሃሉ ላይ ገመድ ተዘርግቶ ለሁለት ይከፈላል። ዘሩም ለሁለት። ከገመዱ ወዲህ ያለው ያንቺ ነው እማ፣ በአመድሽ። ወዲያ ያለው ያንተ፣ በግራጫህ። የተሻለ ያፈራው ከዚህ በኋላ የዘሩ አዛዥ ይሁን፤ ሌላው አፉን ይይዛል።»

«ዳኛው ማን ነው?» አሉ እናት።

«ዳቦ ጋጋሪው።»

ዳቦ ጋጋሪው ከአጥሩ ማዶ ነው የሚሠራው። የምድጃውን አመድ በየሦስት ቀኑ ለእትዬ ቆርቆሮ በብረት ባልዲ ያቀብላል፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ጠፍቶ አያውቅም። ዳኛ ትሆናለህ ሲባል «ታዲያ ለዳኝነቴስ?» አለ። ሁለት እፍኝ ዘር ይሰጥሃል ተባለ። ተስማማ።

ልጅቷ በሜትሯ ለካችና የመጋረጃ ገመድ መሃል ለመሃል ዘረጋች። እትዬ ቆርቆሮ ሦስቱን ጣሳ ለሁለት አካፈሉ። አልሸነፍም ብለዋል፤ ግን በልባቸው አንዱ ቢሞት አንዱ ይተርፋል ብለው ነው የፈቀዱት። ይህንን ለማንም አልተናገሩም።

በሚዘራበት ቀን ሐኪሙ ማስመሪያ ይዞ ተንበረከከ። ቦዩን ለካ፣ ግራጫውን በተነ፣ በስሱ አፈር አለበሰው፣ ዘሩን ከላይ አስቀመጠ።

«ልብስ ልትሰፋለት ነው?» አሉት ከገመዱ ወዲህ ሆነው።

«ዘሩ ማዳበሪያውን መንካት የለበትም እማማ፣ ያቃጥለዋል። ይምጡማ ይዩት። ይሄ ግራጫው ነው፣ ለቦሎቄው። ዕቃ ቤት ደግሞ በአጥሩ ዙሪያ ለሚዘራው በቆሎ ያመጣሁት ሌላ አለ፣ እሱን—»

«እኔ የኬሚካል ፊት አላይም!» ብለው ጀርባቸውን ሰጡት። ሹራባቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው፣ ምንም እንዳይታያቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ይህቺን ጀርባ መስጠት ልብ በሉልኝ። ጣጣው ሁሉ የመጣው በእሷ ነው።

እሳቸው ደግሞ የራሳቸውን ሠሩ። የዓመቱን ብስባሽ አስገቡ፣ ከላዩ አመድ አደረጉ። አመድ ላይ ቀልድ አያውቁም፤ ዳቦ ጋጋሪው ያቀበላቸውን ትኩስ አመድ በባልዲው ሦስት ቀን ያቆዩታል፣ ከዚያ ነው ወደ በርሜሉ የሚገለበጠው። የባልዲው አይነካም። ላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ ፍም ሊሆን ይችላላ።

ሁለቱም ወገን በቀለ። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ግን እትዬ ቆርቆሮ ማንም በሌለበት ከገመዱ ወዲያ ተሻግረው ቡቃያውን በጣታቸው ለኩ። ተመለሱና የራሳቸውን ለኩ። አንድ ጣት ይበልጣል። የሐኪሙ ይበልጣል።

ሌላ ነገር ቢሆን ኖሮ «እደጉ ገና ናችሁ» ብለው ይስቁ ነበር። ይሄ ግን የእናታቸው ዘር ነው። እኔ ትዕቢቴን ስቆጥር እሱ ቢሞትብኝስ አሉ። ዞረው ዞረው ዓይናቸው ዕቃ ቤቱ ላይ አረፈ።

እኩለ ቀን ላይ ሐኪሙ ሥራ ቦታው ነው። የልጅቷ ማሽን ትር‑ር‑ር ይላል። ማሽኑ እስከጮኸ ድረስ ዓይኗ ጨርቁ ላይ ነው ማለት ነው። እትዬ ቆርቆሮ ጣሳቸውን ሹራባቸው ሥር ደብቀው ዕቃ ቤት ገቡ።

ሁለት ጆንያ። እኩል ቁመት፣ አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ ሁለቱም ላይ ጽሑፍ ተደርድሯል። ጽሑፍ ለእሳቸው ዝንብ የሄደችበት ነው። የጆንያዎቹን አፍ ፈታ አድርገው አዩ። የአንዱ ነጭ፣ እንደ ስኳር የጠራ። የአንዱ ደብዛዛ፣ ጠጠር የመሰለ። «ግራጫ» የሚለውን ቃል ሰምተውታል፣ ግን በሐኪሙ ስም አወጣጥ ላይ እምነት አልጣሉም፤ የጓሮ አፈር ታሟል የሚል ሰው ነጩን ግራጫ ቢለውስ? ደግሞም ሐኪም የሚባል ሁሉ ነጭ ይወዳል። ካባው ነጭ፣ ክኒኑ ነጭ፣ ፋሻው ነጭ። ስለዚህ መድኃኒቱ ነጩ ነው። አንድ ጣሳ ሞልተው ዘገኑ።

በዚህ መሃል ማሽኑ ጸጥ አለ።

እትዬ ቆርቆሮ ጣሳውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ትንሽ ቆይቶ ትር‑ር‑ር አለ። ክር ቀይራ ይሆናል አሉና ወጡ። ከራሳቸው ወገን አጥሩ ጥግ ያለውን ረድፍ አበሉት፣ አፈር አለበሱት፣ ጣሳውን አጥበው ደፉት። ማታውን ዝናብ ጣለ። ራሳቸውን አደነቁ።

በሦስተኛው ቀን እራት ላይ ሐኪሙ እየሳቀ አንድ ወሬ ጀመረ። «ዛሬ አንድ ገበሬ መጥቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ነጩን ዩሪያ ቦሎቄው ላይ አፍስሶት!»

የእትዬ ቆርቆሮ ሻይ በአፍንጫቸው ሊወጣ ምንም አልቀረው።

«ምነው እማ?» አለች ልጅቷ።

«ትን አለኝ። እሺ አንተ፣ ታዲያ ምን ይሁን? አፈሰሰው!»

«ቦሎቄ እኮ እማማ፣ ሥሩ ላይ ዶቃ የመሰሉ ትንንሽ እባጮች አሉት። እነሱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሠራተኞች አሉ፣ ከአየር ላይ ምግብ እየሳቡ ለተክሉ ይሰጡታል። ነጩን ከሰጠኸው ግን የተዘጋጀ ምግብ አገኘ አይደል? ሠራተኞቹን ያባርራል። ሰነፍ ይሆናል። ቅጠል ብቻ ያወጣል፣ ሥሩ ያጥራል፣ ድርቅ የመጣ ቀን መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው።»

«የተዘጋጀ ምግብ ቀርቦለት የሚሠራ ወንድ እኔም አላየሁም» አለች ልጅቷ ሳህኑን ወደ ባሏ እየገፋች። «ተነስ እጠብ።»

እትዬ ቆርቆሮ ግን ለቀልድ አልሆን አላቸው። «ለመሆኑ» አሉ ጣሪያውን እያዩ፣ «ያ ሞኝ ሰውዬ አሁን ምን ይሻለዋል አልከው?»

«የሆነው ሆኗል። የቀረውን ረድፍ ግን ግራጫውን ቶሎ ከሥሩ ጎን ቢያስገባለት ይደርስለታል።»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ የቀሩት ረድፎች ሁሉ ግራጫውን አገኙ። እትዬ ቆርቆሮ በጣታቸው ከእያንዳንዱ ተክል ጎን ቦይ እየቀደዱ፣ ወገባቸው እስኪላቀቅ ጎንበስ ብለው አዳረሱ። ማሽኑ ያን ቀን ሦስት ጊዜ ክር ቀየረ።

አጥሩ ጥግ ያለው ረድፍ ግን የማይደበቅ ሆነ። ጨለም ያለ አረንጓዴ፣ ቅጠሉ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ አላፊ አግዳሚውን በግድ የሚያስቆም። ዳቦ ጋጋሪው አመዱን ሲያቀብል ባልዲውን እንደያዘ ፈዞ ቀረ።

«እትዬ! ይሄ ረድፍ ምን በልቶ ነው?»

«እጄን።»

«ኧረ እጅዎ ይባረክ! ሐኪሙ እንግዲህ ብልቃጡን ይስበር!»

ሰው ሁሉ ያንን አየ፣ ያንን አሞገሰ። ከእሱ ጎን ያሉትን ዝቅ ያሉ፣ ደህና ረድፎች ዞር ብሎ ያየ የለም። እትዬ ቆርቆሮ ምስጋናውን በግድ ዋጡት። ሐኪሙም ገመዱ ጋ ቆሞ አገጩን አከከ። «በጣም አረንጓዴ ነው እማማ» አለ። ከዚያ ዕቃ ቤቱን አየ። ከዚያ እሳቸውን አየ። ከዚያ ሥራ ረፈደብኝ ብሎ ሄደ።

አበባው ብቅ ሲል ዝናቡ ቆመ። እንደተባለው። የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው፤ ለመጠጥ እንጂ ለማሳ የሚተርፍ የለም። አንድ ሳምንት ሄደ። ሰማዩ እንደተጠረገ ወለል ነው።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት እትዬ ቆርቆሮ የአመድ በርሜላቸውን ሲከፍቱ ጎድሏል። እሳቸው ደግሞ በርሜሉ ውስጥ ምልክት ያለበት እንጨት የሚያቆሙ ሴት ናቸው፤ አመድ ቢሆንም የራሳቸው ነው። መሬቱን አዩ። ጫማ። ሶሉ መስመር መስመር ያለው፣ ምርመራ ክፍል የሚታደለው ጫማ። ዱካውን ተከትለው ከገመዱ ወዲያ ተሻገሩ። በሐኪሙ ረድፎች ሥር ሁሉ አመድ ተነስንሷል! የመጀመሪያው ረድፍ ደግሞ ግንዱ ጠቁሮ፣ ቅጠሉ ተጠብሶ ዘንበል ብሏል። ከበርሜሉ ሳይሆን መጀመሪያ ከባልዲው ነው የዘገነው። ከትኩሱ።

እትዬ ቆርቆሮ አፋቸውን ከፈቱ። ሰፈር የሚሰበስብ ጩኸት እስከ ጥርሳቸው ድረስ መጣ። ሌባ! ይላሉ አሁን። እሱስ ምን ይላል? እሱም ጣሳ ይዘው ዕቃ ቤቴ የገቡት ማን ናቸው ይላል።

አፋቸውን ዘጉ።

በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነው። አፋቸው ውስጥ ያን ሁሉ ስድብ ይዘው ቁርስ ቀርቦ መብላት አቃታቸው። ማታ ሐኪሙ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ገበታ ቀረበ።

«ጣትዎን ምን ነካዎት?» አሉት።

«እርስዎ» መባሉን ሲሰማ ወንበሩን ጠጋ አደረገ። «የምርመራ ክፍሉ ምድጃ ነው እማማ። ነክቼው።»

«አዬ ምድጃ! ዓይን አውጣ ምድጃ መሆን አለበት። ሰው ቤት ድረስ መጥቶ የሚያቃጥል።»

ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይልቅ ዕቃ ቤት አይጥ ገብቶ ይሆን? ማዳበሪያው ጎሎብኛል።»

«አይጥ ደግሞ ማዳበሪያ ይበላል?»

«ይሄኛው ሳይበላ አይቀርም» አለች ልጅቷ ከማሽኗ ቀና ሳትል። «ጣሳ ይዞ ነው የሚመጣው።»

አማትና አማች እኩል ትን አላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ አይጥም ስለ ምድጃም ያነሳ አልነበረም።

ድርቁ ሠላሳ አራት ቀን ቆየ። የጎረቤቱ ማሳ ሁሉ ወየበ፣ ተኮማተረ። ዳቦ ጋጋሪው ከምድጃው ጀርባ የዘራው ቦሎቄ ደርቆ የመጥረጊያ እንጨት መሰለ። የእነዚህ ሁለት ሌቦች ማሳ ግን እኩለ ቀን ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ ጠዋት ጠዋት ቀና እያለ ቆየ። ከገመዱ ወዲህም፣ ወዲያም። ፍሬውም ሲይዝ እኩል ነበር።

ከተቃጠለው የሐኪሙ ረድፍ ሌላ፣ አጥሩ ጥግ ያለው ብቻ በዘጠነኛው ቀን ወደቀ። ያ ሁሉ ቅጠል እንደ እርጥብ ጨርቅ መሬት ላይ ተኛ፣ በማግስቱም አልተነሳም። ዳቦ ጋጋሪው «ምን ሆነ እትዬ?» ሲላቸው «እዚያ ጋ ፀሐይ ይበዛል» አሉት። ብቻቸውን ሲሆኑ አንዱን ነቀሉት። ሥሩ አጭር፣ የአይጥ ጅራት የሚያህል። ዶቃ የሚባል የለበትም። ጎንበስ ብለው ረድፉን ከዳር እስከ ዳር ቆጠሩ። አርባ ሁለት ተክል። አርባ ሁለት ፍሬ የእናታቸው ቦሎቄ፣ በገዛ እጃቸው ያፈሰሱት። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ በመስኮት አይታ ሻይ አመጣችላቸው።

የመከር ቀን ዳቦ ጋጋሪው ሊጡን የሚቆርጥበትን ዝርግ ብረት ይዞ መጣ። ተወቅቶ፣ ተነፍቶ ሁለት ቦታ የተከመረውን በጣሳ እየሰፈረ፣ አፉን በብረቱ ልክ እያደረገ ቆጠረ። ከገመዱ ወዲህ አስራ አንድ ጣሳ። ከገመዱ ወዲያ አስራ አንድ ጣሳና አንድ ጭብጥ።

«ጭብጧን ለዳኛው ብትሰጡት እኩል ናችሁ!» ብሎ አወጀ። እልል የሚል አጣ። አማች ጫማውን ያያል። አማት ሰማዩን ያያሉ።

«ምነው? ሃያ ሁለት ጣሳ እኮ ነው! እኔ የዘራሁት አንድ እፍኝ አልወጣውም፣ እናንተ ሰው የሞተባችሁ ትመስላላችሁ። በሉ ዳኝነቴን።»

እትዬ ቆርቆሮ ዘሩን በሁለት እፍኝ ሰፍረው መዳፉ ላይ አደረጉለት። ይህንን ከልባቸው ነው የሰጡት። ከእንግዲህ ቆርቆሮው ውስጥ ነቀዝ ቢገባ፣ ቤቱ ቢቃጠል፣ ሌላ ሰው ቤት ዘሩ አለ።

«አደራ» አሉት፣ «ቀቅለህ ብትበላው ሬሳዬን እንዳታይ።»

«ኧረ እዘራዋለሁ! በአመድ ብቻ አይደል እትዬ? እርስዎ አመድና ብስባሽ እንጂ ሌላ አላስነካሁም ብለዋል። አመድ ደግሞ ከእኔ ቤት ነው የሚወጣው። ገና ከምድጃው እንደወጣ ትኩስ ትኩሱን አለብሰዋለሁ።»

«አዎ፣ በአመ...» አሉና ሳይጨርሱ ተዉት።

መዳፉን አዩ። ዱቄት በነካው መዳፍ ላይ ነጭና ቀይ ቦሎቄ። ይሄ ሰው የነገሩትን ነው የሚያደርገው። ያቃጥለዋል። ከእሳቱ ቢተርፍ እንኳን በሚቀጥለው ድርቅ ሥሩ አጥሮ ይሞታል። አርባ ሁለቱ ታዩዋቸው።

«ቆይ» አሉ። «መልሰው።»

«ምን አደረግሁ?»

«አንተ ምንም። እኔ ሌባ ነኝ።»

ዳቦ ጋጋሪው ሳቀ። ማንም ሲከተለው ባያይ ሳቁን ግማሽ ላይ ተወው።

«ጥርስህን ክደንና ስማኝ፣ ሁለት ጊዜ አልልህም። ይሄ ማሳ የቆመው በአመድ ብቻ አይደለም። ከዚህ ልጅ ጆንያ ግራጫውን ሰርቄ አብልቼዋለሁ። ግራጫው ከሥር፣ በላዩ ስስ አፈር፣ በላዩ ዘሩ፤ እንዳይነካካ። ብስባሹን አትርሳ። አመዱ ሦስት ቀን ሳያድር አይነካም። ነጩን ደግሞ ለበቆሎህ፤ ቦሎቄዬ አጠገብ ባይህ ጣትህን እቆርጠዋለሁ። ያ አጥር ጥግ ያለው ረድፍ የሞተው ነጩን በልቶ ነው።»

«እጄን በልቶ ነው ብለውኝ ነበር እኮ!»

«ዋሸሁህ! አሁን ደብዳቤ ላስጽፍልህ?»

ሐኪሙ ጣቱን እንደ ተማሪ አነሳ። ፕላስተሩ ከወደቀ ቆይቷል፣ ጠባሳው ግን አለ። «እማማ፣ እኔም...»

«አውቃለሁ። አመዴን ወስደሃል።»

«አፈሩን እንደገና ስመረምረው ፖታሽም ያንሰዋል። አመድ ውስጥ ደግሞ እሱ ሞልቷል፤ ቅጠሉ ላቡን እንዲቆጥብ ያደርገዋል። ያን ያህል ስከራከርዎት ከርሜ መለመኑ አሳፈረኝ።»

«መስረቁ አላሳፈረህም! ደግሞ ትኩሱን! ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ አመድና ፍም አትለይም?»

«እርስዎስ ነጭና ግራጫ—»

«እኔ ፊቱን አይቼው አላውቅማ!»

«ይዩት ብዬ ለምኜዎት ነበር።»

እውነቱን ነው፤ ለምኗቸዋል፤ ጀርባቸውን ሰጥተውታል።

በዚህ ጊዜ ነው ከኋላ መስኮቱ ሳቅ የፈነዳው። ልጅቷ ማሽኗ ላይ ተደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «ሁለት ወር ሙሉ!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ሁለት ወር ሙሉ ጨርቅ የሌለበት ማሽን ስረግጥ! ካቆምኩ ሌባው ይደነግጣል፣ ከረገጥኩ ሥራዬ ይበላሻል። ስንት ደንበኛ አስቀይሜያለሁ በእናንተ ምክንያት!»

«አይተሽ ዝም አልሽ?» አሉ እናት።

«ምን ልበል? አንዱ የሌላውን እየሰረቀ ማሳው ደህና እየበላ ነበር።»

ዳቦ ጋጋሪው ዘሩን ኪሱ ውስጥ ከተተና የመጋረጃውን ገመድ ራሱ ፈትቶ ጠቀለለው። «ይሄንን የዳኝነት መርቁልኝ፣ ለጋሪዬ ማሰሪያ ይሆነኛል» ብሎ፣ ማንም ሳይመርቅለት ይዞት ሄደ።

እትዬ ቆርቆሮ ሌላ ነገር ሳይናገሩ ቀጥ ብለው ዕቃ ቤት ገቡ። «ና» አሉት ሐኪሙን፣ «ክፈተው።» ሁለቱን ጆንያ ከፈተላቸው። ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው እየዘገኑ አዩ፣ አሸተቱ፣ በጣታቸው አሹት።

«ግራጫው ይሄ ነው?»

«እሱ ነው።»

«እንደ ስሙ መልኩም ደባሪ ነው።» ከዚያ ልጃቸውን ተጣሩ። «አንቺ! መርፌሽን ይዘሽ ነይ። ይሄኛው ጆንያ ላይ ትልቅ ቀይ ቁልፍ ስፊበት፣ የኮት ቁልፍ። በጨለማም ብገባ በእጄ እንዳውቀው።»

«ደግሞ ለምን ነው በጨለማ የምትገቢው እማ?»

«ሥራሽን ሥሪ!»

ዘሩን ቆርቆሮው ውስጥ ሲከቱ አርባ ሁለት ፍሬ ቆጥረው ለብቻ በጨርቅ ቋጠሩ። ቋጠሮውን ከላይ፣ ድመቷ ከተሳለችበት ክዳን ሥር አስቀመጡት።

«አንተ» አሉት ሐኪሙን። ወንበሩን ጠጋ ሊያደርግ ሲል «አንተ» መሆኑ ገብቶት ተወው። «ያንን አጥር ጥግ ያለውን ረድፍ ዝናቡ ሲመጣ አብረን እንዘራዋለን። ማስመሪያህን ይዘህ ትመጣለህ።»

«እሺ እማማ።»

«አሁን ግን ኪስህን አራግፍ። ወለሉን ገና አሁን ነው የጠረግሁት።»